የተከሰሰው ውሃ

አስማረ የሞተው የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ ነው።

ኢንስፔክተር እንኳየሁ ወደ ጋራዡ ሲገባ ከደሙም ከሞተሩም በፊት ዓይኑን የያዘው ነጠላው ነበር። ለዓመታት ዘይት ጠጥቶ ከጠቆረው ወለል ላይ፣ መካኒኩን ተጭኖ ከተቀመጠው የሚኒባስ ሞተር ሥር፣ የነጠላው ጥለት ገና ከሳጥን እንደወጣ ሆኖ ይታያል። የቀረውን እንኳየሁ ቶሎ አየና ቶሎ ተወው።

ጋራዡ ከአዘዞ መንገድ ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ሰፊ ግቢ ነው። ዕለቱ በዐቢይ ጾም የዋለ እሑድ ስለነበረ ግራና ቀኙ ያሉት ሱቆች ሁሉ ዝግ ናቸው። ሬሳውን ያገኘው የጎረቤቱ በያጅ ሰውአገኝ ነበር። ስምንት ሰዓት ገደማ ሲያልፍ በሩ ገርበብ ብሎ ቢያይ፣ አስማረ በሰንበት ጋራዥ ከፍቶ ስለማያውቅ፣ «ምነው ደግሞ ዛሬ?» ብሎ ገባ።

ሳጅን ፋሲካ ፓራንኮውን፣ ሞተር የሚነሣበትን የሰንሰለት ማንሻ፣ ስትመረምር ቆየችና ቀና አለች። ቶሎ ትደመድማለች፤ ስትሳሳትም ቶሎ ትታረማለች። እንኳየሁ ሁለተኛውን ስለሚወድላት የመጀመሪያውን ይታገሣታል።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር። ሞተሩን አንጠልጥሎ ከሥሩ ገባ፣ ወረደበት። ስንቱ መካኒክ እንዲህ ሆኖ ቀርቷል።»

«ሰንሰለቱ ተበጥሷል?»

«አልተበጠሰም። ተለቋል።»

«ቱታውስ?»

ፋሲካ ዞር ዞር አለች። ሰማያዊው ቱታ ከግድግዳው ሚስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው።

«ሰው ነጠላውን አጣፍቶ ሞተር ሥር አይገባም» አለ እንኳየሁ። «ሊሠራ አልመጣም። ከቅዳሴ ወጥቶ ለአንድ ሰው አንድ ነገር ሊያሳይ ነው የመጣው።»

ሐኪሙ በማግስቱ ቃሉን አጸናለት። የአስማረ ማጅራት በብረት የተመታው ሞተሩ ሳይወርድበት በፊት ነበር።

የሞተሩን ነገር ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ አስመጪ አንድ ዓይነት የሆኑ አሥራ ሁለት አዳዲስ ሚኒባሶች ለጎንደር ሰዎች ሸጠ። ገዢዎቹ ማኅበር አቋቁመው፣ በጾም በጸሎቱ የተመሰከረለትን፣ ሰው ሲጣላ አስታራቂ የሚሆነውን ሙሉሰውን ሊቀመንበር አደረጉ። በጥር ወር ከአሥራ ሁለቱ አንዷ፣ የራሱ የሙሉሰው መኪና፣ ከትክል ድንጋይ ወዲያ ወደ ሳንጃ በሚያወርደው ቁልቁለት ላይ ሞተሯ በድንገት ደረቀ፤ ፍሬኗም እንቢ አለና ገደል ገባች። አራት ሰው ሞተ። ክንዱ የተባለው ሾፌር ተርፎ ታሰረ። አስመጪው ባለሙያ ልኮ አስመረመረና ወረቀት ጻፈ፦ ራዲያተሩ ውስጥ ቀይ ዝቃጭ ተገኝቷል፤ ሾፌሩ ያልተፈቀደ ውሃ ጨምሯል፤ ሞተሩን ያደረቀው ውሃው ነው።

ውሃው ጸበል ነበር። ከከተማው በላይ ካለው ምንጭ የሚቀዳ፣ ባደረበት ዕቃ ሁሉ ላይ ቀይ የሚያዘቅጥ ጸበል። ከጥቂት ወራት ወዲህ የማኅበሩ መኪኖች ለበረከት ብለው ራዲያተራቸውን የሚሞሉት በእሱ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው የዐብዱልከሪም ሚኒባስ ማክሰኝት አጠገብ፣ እግዜር ሲያድል ሜዳ ላይ፣ እንዲሁ ደርቃ የቆመችው። ዐብዱልከሪም የቆየ የጎንደር ሙስሊም ነጋዴ ነው፤ መኪናው ጸበል ቀምሳ አታውቅም። አስማረ ያን ሞተር ሲያወርድ ለሰው ሁሉ «ይህ ነው የሚመሰክረው» ይል ነበር። ጥፋቱ ከሞተሩ ከሆነ ክንዱ ይፈታል፤ አስመጪውም መኪኖቹን ሁሉ መልሶ ይጠራል። እስከዚያው ግን የቀሩት አሥሩ መኪኖች ሰው ጭነው ያንን ቁልቁለት ይወርዳሉ።

አስማረን የተጫነው ያው ሞተር ነው።

ፋሲካ ባትሪዋን ከሞተሩ የውሃ ቀዳዳ ላይ አበራች። ከዚያ ግድግዳ ተደግፎ የቆመውን ራዲያተር ክዳን ከፈተች።

«ኢንስፔክተር» አለች። «ይህም ቀይ ነው።»

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው አጉረመረመ። ሬሳውን ለማንሣት ከቀበሌው ሽማግሌዎች ጋር የመጣው ሙሉሰው ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እያበሰ፣ ለካ ዐብዱልከሪምም ደብቆ ጨምሮ ኖሯል፣ ምን ይደረግ፣ ጸበል ሰው አይመርጥም፣ አለ። በሐዘን ያለው ስለሆነ ማንም አልመለሰለትም። እንኳየሁ ግን ያቺን ቀይ ውሃ ቆሞ አያት። እንደሱ ከሆነ ምስክሩ ሁለት ጊዜ ሞቷል ማለት ነው፤ አንዴ አስማረ፣ አንዴ ሞተሩ።

ሰኞ ጠዋት ክንዱን ሊያይ ማረሚያ ቤት ሄደ።

ክንዱ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው፤ የትክል ድንጋይ ገጠር ልጅ ነው። አጥንቱ ገጥጦ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ አገኘው። እንኳየሁ ምንም ሳይጠይቀው አጠገቡ ተቀመጠ፤ ልማዱ ነው። ሰው ዝም ሲባል ዝምታው ይከብደውና ራሱ ያነሣዋል።

ክንዱም አነሣው። ሙቀት መለኪያው ደኅና ነበር አለ። ጢስ የለ፣ ሽታ የለ። ድንገት ሞተሩ ዝም አለ፤ ዝም ሲል መሪው እንደ ድንጋይ ሆነ፤ ፍሬኑን ቢረግጥ ቢረግጥ መኪናዋ አልሰማ አለችው። ከኋላ አንዲት ሴት «ልጄ፣ ቀስ በል» ያለችው ብቻ ነው ጆሮው ላይ የቀረው።

«ዐቃቤ ሕግ በሚቀጥለው ሳምንት ክሱን ያቀርባል» አለ እንኳየሁ። «አስማረ ሊመሰክርልህ ነበር።»

«ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር።» ክንዱ እጁን አየ። «እስሩን እችለዋለሁ አያ። እስሩ አይደለም የኔ ነገር።»

«ምንድን ነው?»

«የዚያን ለት ጧት ጸበሉን ራዲያተር ውስጥ የሞላሁት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ከሚስቴ ጋር ነበርሁ። ንጹሕ አልነበርሁም። በረከሰ እጄ ስለነካሁት ነው መዓት የሆነው፤ ለአራት ሰው።»

«ማነው እንዲህ ያለህ?»

ክንዱ ራሱን ነቀነቀ። የነገረው ሰው ለነፍሱ አስቦ ነው፣ ስሙን አያነሣም። ሁሉም ሰው ጥሎት የለም፤ ስንቅ የሚያመጣለት አለ፣ ሙሉሰው አንድም ሳምንት አልቀረበትም። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ መጸለይ አልቻለም። አቡነ ዘበሰማያት ይጀምርና መካከል ላይ ይቆማል።

«አንተ መርማሪ ነህ» አለ። «አረከስሁት ወይስ አላረከስሁትም? ይህን ብቻ ንገረኝ። ከዚያ የፈለጉትን ይፍረዱብኝ።»

እንኳየሁ በሠላሳ ዓመት ሥራው ብዙ ተጠይቋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ጠይቆት የሚያውቅ ሰው የለም። እሱም ጠዋት ከቤቱ ሲወጣ ከዚያው ምንጭ አንድ ጉንጭ ጠጥቶ ነበር።

የአስመጪው የጎንደር ሥራ አስኪያጅ ፊልጶስ ቢሮ ፒያሳ ላይ ነው፤ ከመስተዋቱ በስተጀርባ ሰው የማይቀመጥባቸው ቆዳ ወንበሮች ተደርድረዋል። ከሸገር ተመድቦ ከመጣ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አነጋገሩ ቶሎ ቶሎ ነው፤ እንግዳ ሲቀመጥ ሰዓቱን ያያል።

ሰውአገኝ ለፋሲካ እንደነገራት፣ ፊልጶስ ዓርብ አመሻሽ ላይ አስማረ ጋራዥ መጥቶ ነበር። ድምፃቸው ከብየዳው በላይ ይሰማ ነበር።

ፊልጶስ አልካደም። ሞተሩን በእኛ ባለሙያ ፊት ክፈተው ብዬ ነው፣ እንቢ አለኝ፣ ተጯጯህን፣ ወጣሁ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ባሕር ዳር ሄዶ እሑድ ማታ ተመለሰ። ፋሲካ ሆቴሉ ድረስ ደውላ አጣራች፤ እውነት ነበር።

«እኔ የዚህ አገር ነገር ግራ ነው የሚገባኝ» አለ ፊልጶስ ፈገግ ብሎ። «መኪናውን እንደ ሕፃን ክርስትና ያነሡታል፤ ሲታመም ግን ንስሐ አባቱን ትተው እኛን ይጠሩናል።»

ፋሲካ ልትመልስ ከንፈሯን ስታላቅቅ እንኳየሁ በዓይኑ ያዛት።

«ፋብሪካው ስለነዚህ ሞተሮች የጻፈው ነገር አለ?» አለ።

«አላስታውስም።»

የረሳ ሰው ለማስታወስ ጥቂት ይቆያል። ፊልጶስ አንዲት አፍታ እንኳ አልቆየም። እንኳየሁ ይህን በልቡ ያዘና አመስግኖ ወጣ። ከመስተዋቱ ውጭ ከአሥሩ ሚኒባሶች አንዷ አስፋልቱ ዳር ቆማ ረዳቱ «ትክል ድንጋይ፣ ትክል ድንጋይ፣ የሞላ» ይላል። አንዲት እናት ልጇን አዝላ ገባች። በሩ ተዘጋ።

«እናስቁማት?» አለች ፋሲካ።

«በምን? በእጃችን ያለው ወረቀት ጥፋቱ የውሃ ነው ይላል።»

መኪናዋ ሄደች።

ማክሰኞ ወደ ዐብዱልከሪም ጨርቅ ቤት ሄዱ። ሰውአገኝ ሌላም ነገር ተናግሮ ነበርና፤ ሞተሩ አርባ ቀን ተፈታቶ ቢቀመጥበት፣ ዐብዱልከሪም ቅዳሜ ዕለት ጋራዡ ድረስ መጥቶ አስማረን ሰው ፊት ሰድቦታል። ጸበል ደብቆ ጨምሮ ከሆነ ደግሞ ዋሽቷል፤ የሚዋሽ ሰው የሚደብቀው አለው። ፋሲካ መንገዱን ሙሉ ይህንኑ ስትገነባ መጣች።

ዐብዱልከሪም ሽበታም፣ ቁመተ ረጅም ሰው ነው። ልጁ ፈህሚያ ከመደርደሪያው በስተኋላ ጨርቅ ትለካለች። እሑድ የት እንደዋለ ሲጠየቅ ሳቀ።

«ማክሰኝት፣ የእኅቴ ልጅ ኒካሕ ላይ። ሁለት መቶ ሰው በልቷል፤ የሁሉንም ስም ልጻፍልህ?»

አስማረን መስደቡን አመነ። መስደቡ ቆጭቶታል፤ ማግስቱን ሞቶ ሲሰማ እንቅልፍ አልወሰደውም። ጸበል የተባለውን ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ጸበልን አልንቅም አለ፤ እናቱ በታመሙ ጊዜ ጎረቤት አምጥታላቸው ጠጥተዋል። መኪናው ውስጥ ግን የሚገባው ከመኪናው ጋር የመጣው አረንጓዴ ፈሳሽ ብቻ ነው፤ ቢጎድል የሚሞላው ራሱ አስማረ ነበር።

እንኳየሁ ስኒውን እያዞረ ቆየ። የጎንደር መካኒክና ባለመኪና የሚተማመኑበት አንድ ልማድ አለ። ዕቃ ሲለወጥ የወጣው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ሳይለወጥ ተለወጠ እንዳይባል። ባለቤቱም ተቀብሎ አንድ ጥግ ይጥለዋል እንጂ ፈትቶ የሚያየው የለም። አስማረ ደግሞ ልማድ የሚያፈርስ ሰው አልነበረም።

«የወጣውን ዕቃ ልኮልዎታል?» አለ።

ዐብዱልከሪም ወደ ልጁ ዞረ። ፈህሚያ ጎንበስ ብላ ከመደርደሪያው ሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ በሽቦ የታሰረ ነገር አወጣች። ባለፈው ሳምንት አስማረ ራሱ ነበር ያመጣው። «ይህን እንዳትጥሉት» ብሏት ነበር። ሁልጊዜም እንዲያ ስለሚል ልብ አላለችውም።

እንኳየሁ ሽቦውን ፈታ። የሞተሩ የውሃ ፓምፕ መዘውር ነበር፤ ውሃውን እየገፋ የሚያዞረው። ፕላስቲክ ነው። ቅጠሎቹ ከሥራቸው ተሰነጣጥቀው ሦስቱ ረግፈዋል። ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቶ ጠረገና ለፋሲካ አሳያት። አረንጓዴ ነው። የቀይ ዘር የለበትም።

«ይህ መዘውር ከሞተሩ የወጣው ጸበል ሳይገባበት ነው» አለች ፋሲካ ቀስ ብላ። «ቀዩ ውሃ የገባው በኋላ ነው። ተፈቶ ከተቀመጠ በኋላ።»

ዐብዱልከሪም አንዴ መዘውሩን፣ አንዴ ሁለቱን ፖሊሶች አየ።

«እና ለኔ መኪና ጸበል ያስጠመቀልኝ ማነው?» አለ። ቀልዱ ከአፉ ከወጣ በኋላ ራሱን አስፈራው።

እንኳየሁ ከሰዓት በኋላ ብቻውን ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

አንድ የጎማ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ግቢውን አየ። ገዳዩ ጸበል ይዞ መጥቷል፤ ወይም በመኪናው ነበረው። ራዲያተሩን ሞልቷል፣ ሞተሩ ውስጥ አፍስሷል። አንድ ጄሪካን ግን ከዚያ ይተርፋል። የተረፈውስ? ግቢው ሁሉ መድፊያ ነው፤ ያለቀ ዘይት፣ የዕቃ እጣቢ፣ ሁሉም በእግር ሥር ይደፋል። ወለሉን ዞሮ ቢያይ ቀይ ነገር አጣ።

ተነሥቶ አጥሩን ይዞ ዞረ። ከግቢው በስተጀርባ፣ ቆርቆሮው ከድንጋይ ካቡ ጋር በሚገጥምበት ጥግ አንዲት ወይራ አለች። ወደ እሷ ለመድረስ ሁለት አሮጌ ጎማ ማንሣት፣ የተቆለለ ጡብ ማለፍ ያስፈልጋል። ጎማዎቹ ተነሥተዋል። አፈሩ ከሥሯ ዙሪያ ቀልቷል፤ ተንቦጫርቆ የወደቀ አይደለም፤ ቀስ ተብሎ፣ እየተመጠነ፣ ሥሩን ተከትሎ ተፈስሷል። ማንም እግር የማይረግጥበት ቦታ በዚያ ግቢ ውስጥ ያ ብቻ ነው።

እንኳየሁ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው አላወቀም።

ሰው ገድሎ፣ የሟቹ ደም ሳይረጋ፣ የተረፈውን ጸበል መሬት ላይ መድፋት የጨነቀው ሰው። ፊልጶስ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሩት እንኳ አይገባውም። ዐብዱልከሪም ማክሰኝት ነበር። ይህን ያደረገው እግሩ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋ፣ ጸበል በእግር እንደማይረገጥ ከልጅነቱ የተማረ ሰው ነው። እንደ እንኳየሁ ያለ ሰው። ምናልባትም ባለፈው እሑድ አጠገቡ ቆሞ ያስቀደሰ።

ፋሲካን ጠርቶ መናኸሪያ ሄዳ ጸበሉን ለሾፌሮቹ ማን እንደሚያድል፣ ባለፈው እሑድስ እንዴት እንደነበረ እንድትጠይቅ ላካት። እሱ ወደ ፒያሳ ሄደ።

ፊልጶስ ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን የተሰነጠቀ መዘውር ሲያይ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«ዓርብ የተጣላችሁት በዚህ ነው» አለ እንኳየሁ። «ሁለት መኪና ደርቋል። አሥር ቀርቷል። ሦስተኛዋ ገደል ስትገባ ይህ መዘውር በእጄ ነበር እልሃለሁ፤ ያኔ እኔም አንተም የምንናገረው አይኖረንም።»

ፊልጶስ ብዙ አልቆየም። ፋብሪካው በጥቅምት ጽፎ ነበር። መዘውሩ ይሰነጠቃል፤ ውሃው መዞር ሲያቆም ሙቀት መለኪያው እንኳ አያነብም፤ መለዋወጫው እስኪላክ መኪኖቹ ይቁሙ ይላል። ድርጅቱ በኅዳር ለማኅበሩ በደብዳቤ አሳውቋል። ከአደጋው በኋላ ግን መለዋወጫው ስላልመጣ፣ ቀዩ ዝቃጭም ስለተገኘ፣ ከላይ ዝም በል ተባለ፤ ዝም አለ። ዓርብ ዕለት አስማረ ሲያፋጥጠው ብቻ አመለጠው፦ «እኛ ነግረናል፣ ፈርመው ተቀብለዋል» ብሎ።

«ማን ነው የፈረመው?»

ፊልጶስ ከመሳቢያው የደብዳቤውን ቅጂ አወጣ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ከግርጌው ተቀባይ በሚለው ፊት በቀለም የተጻፈው ስም ጥርት ብሎ ይነበባል። ሙሉሰው፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር።

እንኳየሁ ከደጅ ሲወጣ ፋሲካ ቆማ ትጠብቀዋለች። ሾፌሮቹ ነግረዋታል። ጸበሉን የሚያድለው ሙሉሰው ነው፤ የጀመረው በኅዳር ነው። በየወሩ ከቅዳሴ በኋላ ሁለት ጄሪካን ቀድቶ ለሁሉም ያዳርሳል። ባለፈው እሑድ ግን አርፍዶ መጣ፤ የያዘው አንድ ብቻ ነበር፤ ለአራቱ መኪኖች አልደረሰም። አራቱ ሾፌሮች «ሳትቆርቡ ቀራችሁ» እየተባሉ ሲሣቅባቸው ሰንብቷል።

«አሁን መኪኖቹን አስቁሚ» አለ እንኳየሁ። «ወረቀት አለን።»

ሙሉሰው ቤቱ በረንዳ ላይ ዳዊት ይደግም ነበር። እንግዳውን ሲያይ መጽሐፉን ሳመና ዘጋው፤ ተነሥቶ ወንበር አቀረበ። እንኳየሁ ተቀመጠ። መዘውሩን ደረጃው ላይ አኖረ፣ ደብዳቤውን ከአጠገቡ። ስለ ሁለቱም ግን አላነሣም።

«ከወይራዋ ሥር ያፈሰሱትን አይቻለሁ» አለ።

ሙሉሰው ዳዊቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ከመንገዱ የባጃጅ ጡሩንባ ተሰማና ጠፋ።

«እጄ ረክሶ ነበር» አለ በመጨረሻ። «በዚያ እጅ ይዤው ለመኪኖቹ እንዴት እሰጣለሁ? እንዳልደፋው ደግሞ መሬቱ ሁሉ እግር የሚረግጠው ነው።»

ከዚያ ቃሉ እንደ ተናደ ካብ ወረደ። ደብዳቤው በኅዳር ደረሰው። ጥምቀት እየቀረበ፣ መንገደኛው እየበዛ፣ አሥራ ሁለት ቤት መኪናውን አቁሞ ይቀመጥ ብሎ መናገር አቃተው። ለጊዜው ብሎ ከሣጥኑ ሥር አስቀመጠው፤ መኪኖቹንም በጸበል አስሞላ። ዐብዱልከሪም አይወስድምና ለእሱ ዱዓ አድርግ አለው፤ ምክንያቱን ግን አልነገረውም።

«ጸበሉ ይጠብቃቸዋል ብዬ ነው» አለ። «አምኜ ነው እንኳየሁ። እግዜር ያውቃል፣ አምኜ ነው።»

«ካመኑ ደብዳቤውን ለምን ደበቁት?»

ያ ጥያቄ ወንበሩ ላይ ከእነሱ ጋር ሦስተኛ ሰው ሆኖ ተቀመጠ።

እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ አስማረ ጠራው። መዘውሩን ዐብዱልከሪም ዘንድ እንዳስቀመጠ አልነገረውም፤ ሞተሩን ብቻ አሳየውና፣ ደብዳቤውን እንደፈረምህ አውቄያለሁ፣ ነገ ለፖሊስ ከመናገሬ በፊት አንተ ቀድመህ ሂድ፣ የሰው ልጅ በእስር እየማቀቀ ነው፣ አለው። ዕድል ሊሰጠው ነበር የጠራው። አስማረ ሲዞር የጎማ መፍቻው ብረት ሙሉሰው እጅ ላይ ነበረ፤ እንዴት እንዳነሣው አያውቅም። ፓራንኮውን ግን እያወቀ ነው የለቀቀው።

«ክንዱንስ?» አለ እንኳየሁ። «በየሳምንቱ ስንቅ እየያዙለት ‹ረክሰህ ነው› ያሉት?»

«እሱ ልጅ ነው» አለ ሙሉሰው። «ንስሐ ገብቶ ይወጣዋል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ የት እገባለሁ?»

ሲነሣ ዳዊቱን ልውሰድ ወይ ብሎ ጠየቀ። እንኳየሁ እንቢ አላለውም።

በዚያ ምሽት ዘጠኙ ሚኒባሶች መናኸሪያ ተደርድረው ቆሙ። አሥረኛዋ ቀድማ ወደ ሳንጃ ወርዳ ነበር፤ የሾፌሩ ስልክ አይሠራም። ፋሲካ ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ አደረች። ነጋ ሲል ሳንጃ እንደገባች ወሬው መጣ። እዚያው ትቅር ተባለ፤ ስትመለስ የምትወጣውን ዳገት ማንም ሊያምናት አልፈለገም።

ረቡዕ እንኳየሁ ማረሚያ ቤት ሄዶ ክንዱ አጠገብ ተቀመጠ። የዚህን ጊዜ ዝም አላለም።

«ውሃው አይደለም» አለው። «ጸበል ያልገባበትም ሞተር እንዲሁ ደርቋል፤ ዕቃውን በእጄ ይዤዋለሁ። ስብራቱ ከፋብሪካው ነው፤ አንተ መኪናዋን ሳትነካት በፊት። እጅህ ያረከሰው ነገር የለም።»

የሙሉሰውንም ነገር ነገረው፤ አንዱንም አልሸሸገውም። ክንዱ አልጮኸም። ጭንቅላቱን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ቆየ፤ ትከሻው ብቻ ይንቀሳቀሳል። ቀና ሲል የተናገረው እንኳየሁ ያልጠበቀውን ነው።

«የክርስትና ስማቸውን ታውቀዋለህ አያ? የአራቱን።»

«ምነው?»

«እስተዛሬ ማን እንደነበሩ መጠየቅ ፈርቼ ነው። አሁን በጸሎት ላነሣቸው እወዳለሁ። ያለ ክርስትና ስም አይሆንም።»

መዝገቡ ላይ ያለው የመታወቂያ ስም ብቻ ነበር። እንኳየሁ ጠይቄ አመጣለሁ አለው።

በማግስቱ በጭነት መኪና ተሳፍሮ ትክል ድንጋይ ወረደ፤ ከዚያ በእግሩ ሁለት ሰዓት ሄደ። የመጀመሪያው ቤት ልጃቸው የሞተችባቸው አሮጊት ቤት ነበር። የፖሊስ ልብሱን ሲያዩ በሩን ሊዘጉት ምንም አልቀራቸው።

«ደግሞ ምን ልትጠይቁኝ መጣችሁ?» አሉ። «የምታውቁትን ጽፋችኋል።»

«ምርመራው አልቋል እናቴ። ዛሬ የመጣሁት የልጅዎን የክርስትና ስም ልጠይቅ ነው። በጸሎት ሊያስባት የወደደ ሰው አለ።»

«ማነው?»

እንኳየሁ ማለዘቢያ ፈለገ፤ አላገኘም።

«ሾፌሩ ነው» አለ።

አሮጊቷ በሩን እንደያዙ ቆሙ። ከተራራው ላይ ነፋሱ መጥቶ የጣሪያውን ሣር አንኮሻኮሸው። እንኳየሁ አልቸኮለም፤ እዚያው እስኪመሽ ቢያቆሙትም ይቆም ነበር። በኋላ በርጩማ አወጡና ደጁ ላይ አኖሩለት። እሳቸውም ከደፉ ላይ ቁጭ አሉ፤ መሬት መሬት ሲያዩ ቆይተው፣

«ወለተ ሥላሴ በለው» አሉ።